የክረምት ጓሮና ከቦታው የተነሣ ቤተሰብ

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለጓሮ አትክልት ሠልጣኞችና ለማቋቋሚያ ሥራ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር)



ስለ ድርቅና ስለ ሰፈራ በሚመከርበት መድረክ ላይ ስለ ጎመን፣ ስለ ጤና አዳምና ስለ አበባ ልናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ የነገሩን ክብደት ያላገናዘበ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔም ቀደም ሲል እንደዚሁ አስብ ነበር። የጓሮ አትክልት ጊዜ የተረፈው ሰው ሥራ እንጂ የተቸገረ ሰው መጠጊያ አይመስለኝም ነበር። አስተሳሰቤን የለወጠው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከቦታው የተነሣ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ክረምት ምን እየበላ ይከርማል? የሚል ነው።

በየደጋው ጎተራ የሚራቆተው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው። አባቶቻችን በዘመን መለወጫ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይሉ የነበረው በከንቱ አይደለም። አነጋገሩ ጎመንን የሚያባርር ቢመስልም፣ ልብ ብሎ ላዳመጠው ሰው ክረምቱን ያሻገረው የጎመኑ ምንቸት መሆኑን ይመሰክራል። እንግዲህ በአገሩ የተቀመጠው ገበሬ በጎመን የሚከርም ከሆነ፣ ጓሮውን ጥሎ የመጣው ሰው ጉዳይ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል 600,000 ያህል ሰዎች ተወስደዋል። ከእነዚህ መካከል አያሌዎቹ በውድ ሳይሆን በግድ የሄዱ መሆናቸውን፣ በመንገድም ሆነ በሰፈራው ቦታ ብዙ ሕይወት መጥፋቱን ዛሬ የማያውቅ የለም፤ ያንን ታሪክ ላስጌጥ አልተነሣሁም። ከውስጡ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን አንድ ነገር አለ። በታላላቆቹ የሰፈራ ጣቢያዎች እርሻው የጋራ ሲሆን፣ ለየቤተሰቡ በቤቱ ዙሪያ 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ የግል ጓሮ ይሰጥ ነበር። ሰፋሪው ለጋራው እርሻ ልቡን ሳይሰጥ ለዚያች ቁራሽ ጓሮ ግን ጉልበቱን አልቆጠበም። ተቆጣጣሪዎቹ ይህን እንደ ስንፍና አዩት። በእኔ አስተያየት ሰፋሪው የመጀመሪያው ክረምት ምን እንደሚፈልግ ከተቆጣጣሪዎቹ የተሻለ ያውቅ ነበር።

ወደምንገኝበት ክፍለ ከተማ እንመለስ። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ በፊት በአካባቢው ከተተከለው ሽቦ አልባ የቴሌግራም ጣቢያ ሲሆን፣ ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። በስሙ ውስጥ ዘመናዊ መሣሪያና ዛፍ ጎን ለጎን የቆሙበት ሰፈር ነው። ዛሬ ጀሞና ለቡ ብለን የምንጠራቸው ሰፈሮች ፎቅ ከመብቀሉ በፊት ጤፍና ስንዴ ይታረስባቸው ነበር። እርሻው ለከተማው መስፋፋት የተወሰደበት ገበሬ ካሳ ተከፍሎታል፤ ስለ ካሳው በ1997 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ገንዘቡ በቃ አልበቃ የሚለውን ክርክር ለሕግ አዋቂዎች እተወዋለሁ። በሌላ በኩል ከመሐል ከተማ ጓሯቸውን ለቀው ወደ ጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የገቡ አሉ። እናቶች እንደሚነግሩኝ በአሮጌው ሰፈር ጤና አዳሟ፣ ኮባዋና ጌሾዋ በአጥሩ ሥር ነበሩ፤ ዛሬ ያችው ቅጠል በገንዘብ ትገዛለች። ከቦታው የተነሣ ስል ሦስቱንም ዓይነት ሰዎች ማለቴ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ ልግባ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ስሕተት ላርም። ከውጭ አገር ዘመዶቻችን የሚልኩልንን የዘር ፓኮ ይዘው «በክረምት ይዘራ ይላል» እያሉ የሚመጡ አሉ። ፈረንጆች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ የሚጠሩበትን ቃል አንዳንዱ ክረምት፣ አንዳንዱ በጋ ብሎ ይተረጉመዋል። ወራቱ ቢገጣጠሙም ጠባያቸው ለየቅል ነው። በእነርሱ ዘንድ ፀሐይ የሚበረታበት፣ ቀኑ የሚረዝምበት ወቅት ነው፤ በእኛ ዘንድ ደመናው ተደፍቶ የሚውልበት ነው። በአዲስ አበባ በሐምሌም ሆነ በነሐሴ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። ስለሆነም በፓኮው ላይ በሰኔ ይተከል የተባለው ቲማቲም እዚህ ከጣሪያ በታች ካልሆነ በቀር በስብሶ ይቀራል። ቲማቲምንና ቀይ ሽንኩርትን ለበጋው ተዉት።

በክረምት የጓሮው ጠላት ጥማት ሳይሆን መስጠም ነው። ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ለቡ አካባቢ በተከራየሁት ቤት ጓሮ፣ በበጋ እንደለመድሁት ውኃ የሚይዝ ጎድጎድ ያለ መደብ ሠራሁና ካሮት፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ዘራሁበት። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ቡቃያው ያስጎመጅ ነበር፤ ሐምሌ ሲጋመስ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ማዳበሪያ ያነሰው መስሎኝ ዩሪያ ጨመርሁበት፤ ባሰበት። እርሻቸው ለቤት ሥራ የተወሰደባቸው አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ በአጥር ላይ ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ቡቃያህ አልራበውም እኮ፤ ሰጥሟል» አሉኝ። ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን በዶማ ቦይ እንዳወጣ አስተማሩኝ። በዚያ ዓመት ካተረፍሁት ነገር ይህ ትምህርት ይበልጣል፤ ካሮቱማ የአውራ ጣት ያህል እንኳ አልሆነም።

ጥቁር መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ አብጦ ስንጥቁን ይደፍንና ውኃውን ወደ ታች አያሳልፍም። ሥር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ በውኃ የተሞላ አፈር ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። መድኃኒቱ ከፍ ያለ መደብ ነው። የመደቡ ስፋት ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ ከፍታው ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በየመደቡ መካከል ያለው ቦይ ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጥግ እንዲያዘነብል አድርጉ። ስፋቱን ከዚህ አታብዙት፤ መሐሉ በእጅ ካልተደረሰ በእግር መረገጡ አይቀርም፣ የተረገጠ መረሬም ጡብ ይሆናል።

ይህ ዘዴ ከባሕር ማዶ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሆኖ፣ የታረሰውን ጥቁር አፈር በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብና ቦይ ሲሠራ ኖሯል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአፍሪቃ ዓለም አቀፍ የከብት እርባታ ማዕከልና የአገራችን የእርሻ ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ መሣሪያ ለመሥራት ሲነሡ፣ የእነዋሪ ገበሬዎች በእጃቸው የሚሠሩት መደብ አስቀድሞ በፊታቸው ነበር። ለጓሮ በሬ ስለማያስፈልግ እኛ የእነዋሪውን እጅ እንከተላለን። ጥቅምት ሲገባ ያንኑ መደብ አፍርሳችሁ ውኃ እንዲይዝ ጎድጎድ አድርጉት። በክረምት ጉብታ፣ በበጋ ጎድጓዳ፤ የጓሮው ግማሽ ሥራ ይህ ነው።

መደቡ ላይ ምን እንትከል? አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ሐበሻ ጎመን እላለሁ። ትውልዱ ከዚሁ ደጋ ነው፤ ብርዱንም ደመናውንም ለምዶታል። ከሌላው የሚለየው ትልቁ ጠባይ ሳይነቀል መበላቱ ነው። የታችኛው ቅጠል ሲበጠስ ላዩ ማደጉን ይቀጥላል። ዘሩን በግንቦት አጋማሽ በትንሽ መደብ አፍሉ፤ ከአራት እስከ አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለትም ከአንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት አዛውሩ። ችግኙ የሚዛወረው ወደ ማታ ወይም ደመና በሆነ ቀን ነው። በነሐሴ ምንቸቱ ይጣዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘር አንድ ሺህ ገደማ ፍሬ ስለሚይዝ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ሦስት እግር ሳይበጠስ እንዲያብብ ተዉለት፤ የከርሞ ዘር ከዚያው ይገኛል። የተረፈውን ጎመን ዘር እናቶች ለምጣድ ማሰሻ እንደሚፈልጉት አትርሱ።

ቆስጣም እንደ ጎመን ቅጠሉ እየተቆረጠ የሚቆይ ነው፤ ከተዘራ ከሁለት ወር በፊት ለምግብ ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርት በሰኔ መጀመሪያ ፍልቃቂው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ፣ በመካከሉ 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተሰጥቶት ከተተከለ በጥቅምት ይነቀላል፤ ውኃ ከተኛበት ግን ይበሰብሳልና የመደቡን ጫፍ ስጡት። ካሮትና ቀይ ሥር ካሮት እንደ እኔው እንዳይሆንባችሁ ከፍ ባለና በለሰለሰ መደብ ላይ ይዘሩ፤ ካሮት መዛወርን አይወድም።

ስለ ድንች ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ መድረክ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛልና። ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ አማካይነት ነው ይባላል። በአንጻሩ አየርላንድ ድሃው ሕዝቧ ከሞላ ጎደል በድንች፣ ያውም በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ድንች ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 ቅጠሉን እንደ ተለበለበ አጥቁሮ ሐረጉን የሚያበሰብስ በሽታ ገባና በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃብ ባመጣው በሽታ አለቀ፤ ሌላው በመርከብ ተሰደደ። ያ በሽታ ዛሬም በየክረምቱ ጓሯችን ይመጣል። ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ለእርሱ ሠርግ ናቸው። ስለዚህ ድንቹን በበልግ ዝናብ ቀደም አድርጋችሁ ትከሉ፤ አራርቁት፣ ነፋስ ይለፍበት፤ ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉትን ዝርያዎች ካገኛችሁ የተሻለ የመቋቋም ኃይል አላቸው። በሽታው ከያዘው ሐረጉን ከሥሩ ቆርጣችሁ ከጓሮው አርቁና ድንቹን ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ቆፍሩ፤ እንዲህ ካልሆነ በሽታው ወደ ድንቹ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ግን መላውን ጓሮ ድንች አታድርጉት።

አሁን ደግሞ አንዳንዶቻችሁን የማያስደስት ነገር ልናገር ነው፤ እርሱም ስለ ወንዙ ነው። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ግርጌ ተነሥቶ፣ በምዕራብ አዲስ አበባ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተቀብሎ፣ በመካኒሣና በላፍቶ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል። በዳርቻው አትክልት ማልማት የቆየ ሥራ ነው። የመካኒሣ፣ የፉሪና የሳሪስ አትክልት አምራቾች በደርግ ዘመን በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ለከተማው ገበያ ሲያቀርቡ ኖረዋል። አክሱማዊት ገብረ እግዚአብሔር የተባሉ ተመራማሪ ስለዚሁ ማኅበር ያጠኑት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ሥራ ነው። ወንዙን ያበላሸው አትክልተኛው አይደለም፤ የበደሉ ተሸካሚ ግን እርሱና ደንበኛው ሆነዋል።

ሆኖም እውነቱን መሸፈን አይገባም። በአቃቂ ውኃ በለማ አትክልት ላይ ከ1990ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች እንደ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረታ ብረቶች በቅጠሉ ውስጥ እንደሚገኙ አሳይተዋል። እንዲህ ያለው መርዝ ከአፈሩ በሥር በኩል ወደ ቅጠሉ የሚገባ ስለሆነ በሎሚም ሆነ በኮምጣጤ ቢታጠብ አይለቅም። መታጠብ የሚያስወግደው አቧራውንና ከጀርሙም ከፊሉን ነው። ቆስጣና ሰላጣ ብረታ ብረቱን አብዝተው ከሚያከማቹት መካከል ሲሆኑ፣ ፍሬው ብቻ የሚበላ ተክል ያነሰ ይይዛል። ጓሯችሁ በወንዙ ዳር ከሆነና በክረምት ሙላቱ የሚደርስበት ከሆነ፣ እዚያ ላይ አበባና ጌሾ ሳይቀር ለአፍ የማይደርስ ነገር ብቻ እንድትተክሉ፣ ወይም አፈሩን ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ በጆንያ እንድታለሙ እመክራለሁ። ጌሾ ሳይቀር ያልሁት ተሳስቼ ነው፤ ጌሾም በጠላው በኩል አፍ ይደርሳል፤ አበባ ብቻ ይሁን።

ታዲያ ውኃው ከየት ይምጣ? ከጣሪያ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 30 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት፣ 200 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ወር 6,000 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው ይባክናል ብንል 4,800 ሊትር፣ ማለትም 24 በርሜል ይቀራል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ሀብት አይደለም። አሸንዳውን አጽዱ፤ ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይለፍ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን አጠራቅሙ። በሐምሌ ብዙም ባትፈልጉት የመስከረምን የመጨረሻ ዝናብ በርሜል ሙሉ አድርጋችሁ ያዙ፤ ጥቅምት ላይ ለጎመኑና ለቆስጣው ይደርስላችኋል። በርሜሉን ካልከደናችሁት የትንኝ መራቢያ ይሆናል።

በጋራ መኖሪያ ቤት ላላችሁት፤ መሬት የለንም ማለታችሁን ሰምቻለሁ። ናይሮቢ በሚገኘው ኪቤራ፣ ከምርጫው በኋላ በተነሣው ብጥብጥ ሕዝቡ በተቸገረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሶሊዳሪቴ የተባለ የፈረንሳይ የእርዳታ ድርጅት በጆንያ አትክልት ማልማትን አስፋፋ። ዘዴው እንዲህ ነው። እኛ በአዲስ አበባ ባዶውን ከረጢት ራሱን «ማዳበሪያ» የምንለው ጆንያ ይወሰድና፣ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ብስባሽ ጋር ተደባልቆ ይሞላበታል። በመሐሉ ከታች እስከ ላይ የጠጠር ምሰሶ ይቆማል፤ ውኃው በዚያ በኩል ለሁሉም ይዳረሳል። በጎኑ ጆንያው እየተበሳ ጎመንና ቆስጣ ይተከላል። ይሁን እንጂ እርጥብ አፈር የሞላው 60 ሊትር የሚይዝ ጆንያ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ቦታው ምድር ላይ፣ በሕንፃው ግቢ ውስጥ ነው፤ ለበረንዳ የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። ታችኛው ፎቅ ያለውን ጎረቤት ውኃ እንዳያንጠባጥብበት ሥሩ ሳፋ አድርጉ፤ የጓሮ አትክልት ጠብ ሲያነሣ አይቻለሁ።

ለጀሪካን የሚመቹት ቅመማ ቅመሞቹ ናቸው። በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል በትንሽ አፈር ይኖራሉ። ናናን ለብቻው ትከሉት፤ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ቤቱን ሁሉ የእኔ ነው ይላል። የጥብስ ቅጠል በተቃራኒው እርጥበት ስለሚጠላ በክረምት ከጣሪያ ሥር አስጠጉት። ዳማ ከሴና ጠጅ ሳር ሰፋ ያለ ቦታ ይሻሉ። ጤና አዳም ለቡናውም ለአይቡም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እርጉዝ ሴት እንድትርቀው፣ ሲቆርጡትም ጭማቂው በፀሐይ ቆዳ ስለሚያቃጥል እጅን መታጠብ እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ።

አበባውን መጨረሻ ያደረግሁት ስለናቅሁት አይደለም። አንድ የማቋቋሚያ ባልደረባ፣ «ለተቸገረ ሰው አበባ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ሰው በአዲስ ቦታ ጎመን ሲተክል ርቦት ሊሆን ይችላል፤ ጽጌረዳ ወይም ዳሊያ ሲተክል ግን ሊቀመጥ ወስኗል ማለት ነው። አደይ አበባ ማንም ሳይዘራት በመስከረም ትመጣለች፤ ከእናንተ የምትጠይቀው በአጥሩ ሥር አንድ ክንድ ያህል መሬት በሐምሌ እንዳትኮተኮት ብቻ ነው። ችግኟ ላላወቃት ሰው አረም ትመስላለችና ልጆቻችሁ ቅጠሏን እንዲለዩ አሳዩአቸው።

የማቋቋሚያ ባልደረቦችን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወዲህ የጓሮ ልማት ስሙ ይነሣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ቤተሰብን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስታዛውሩ ቀን ቁጠሩ። በግንቦት የገባ ቤተሰብ በነሐሴ ከጓሮው ይበላል፤ በሐምሌ አጋማሽ የገባ ግን ጭቃ ይጠብቀዋል። ቦይ የወጣለት መደብ፣ አሸንዳና በርሜል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የጎመን ዘር ከቤቱ ቁልፍ ጋር አብረው ይሰጡ። የጋራ መኖሪያ ቤት ከሆነም በግቢው ውስጥ የጆንያ ቦታ ከመኪና ማቆሚያው ጋር በፕላኑ ላይ አብሮ ይመልከት፤ ኋላ የሚለመን መሬት አይገኝም።

ከበሩ አጠገብ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ የጎመንና የቆስጣ ችግኞች አሉ፤ ለአንድ ቤት 20 እግር ይደርሳል። ዛሬ ማታ ካልተከላችሁት ጥላ ሥር አሳድሩት፤ ሥሩን ግን አታድርቁት። መረሬ ያላችሁ መጀመሪያ ቦዩን አውጡ።